ንጹሕ ውኃ ሲጠፋ፦ ከአፍሪካ ቀንድ ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

መግቢያ

በታሪክ ትምህርት ሰዓት ተማሪዎቻችን የነገሥታትን ስም፣ የጦርነቶችን ዘመንና የከተሞችን አመሠራረት ያጠናሉ። ይህ ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ንጉሡም ወታደሩም፣ ከተሜውም ባላገሩም በየቀኑ ሲጠጣው ስለኖረው ውኃ የሚጠይቅ ተማሪ ጥቂት ነው። በመማሪያ መጻሕፍትም ቢሆን ውኃ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ በጂኦግራፊ ክፍል እንጂ በታሪክ ክፍል አይደለም።

ስለ ውኃ እጦት ሲወሳ አስቀድሞ በሐሳባችን የሚመጣው ድርቅ ነው፤ የተሰነጠቀ መሬት፣ የነጠፈ ምንጭ፣ በጥም ያለቀ ከብት። የድርቅን ከባድነት የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ ታሪክን ጠጋ ብለን ስንመረምር ሌላ ዓይነት እጦት እናገኛለን፤ ይኸውም ውኃ ሞልቶ ሳለ ንጹሕ ውኃ ማጣት ነው። በሐይቅ ዳር የሰፈረ ሠራዊት በበሽታ አልቋል። በወንዞች መካከል የተቆረቆረ ከተማ የሚጠጣው አጥቷል። በወንዝ ዳር ሲዋኙ ያደጉ ሕፃናት ደማቸውን እየሸኑና ሆዳቸው እየተነፋ ኖረዋል። «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚለው አባባል ለእንዲህ ያለው ጉዳት ይስማማል፤ ጉዳቱ የሚመጣው ከምንፈራው ሳይሆን ከምንወደው ነገር ነውና።

በዚህ ጽሑፍ የንጹሕ ውኃ እጦት በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ ሕዝቦች ኑሮ ላይ ያደረሰውን ጉዳት፣ ሰዎችም ጉዳቱን ለመከላከል ያደረጉትን ጥረት በታወቁ የታሪክ ምሳሌዎች እንመለከታለን።

ውኃና የቀድሞ ሰዎች ዕውቀት

አባቶቻችን ውኃን በዋዛ አይመለከቱትም ነበር። ለዚህም የቦታዎቹ ስሞች ምስክር ናቸው። ማይጨው ማለት በትግርኛ ጨዋማ ውኃ ማለት ነው። ቢሾፍቱ የሚለው ስም ውኃ የበዛበትን ምድር ያመለክታል። የኬንያ ዋና ከተማ ናይሮቢም ስሟን ያገኘችው ማሳዮች ቀዝቃዛ ውኃ ብለው ከሰየሙት ስፍራ ነው። ሰው አንድን ቦታ በውኃው ዓይነት የሚሰይመው ውኃን ከውኃ ለይቶ ሲያውቅ ነው።

ከስም አልፎ በሥራ የተገለጠ ዕውቀትም አለ። በአክሱም ከዐለት ተፈልፍሎ የተሠራው ማይ ሹም የተባለው የውኃ ማጠራቀሚያ እስከ ዛሬ ይታያል። በላሊበላም አብያተ ክርስቲያናቱን የፈለፈሉት ጠቢባን የውኃ መውረጃ ቦዮችንና ማጠራቀሚያዎችን አብረው አበጅተዋል።

ከሁሉ ይልቅ ለዚህ ርእስ የሚቀርበው ግን የቦረና ኦሮሞ የጉድጓድ ሥርዓት ነው። ቱላ በመባል የሚታወቁት የቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች በሰው ጉልበት ከዐለት ተቆፍረው የተሠሩ ናቸው። ወጣቶች በጉድጓዱ ውስጥ አንዱ ከሌላው በላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ ውኃውን በመቅጃ እየተቀባበሉ ወደ ላይ ያወጣሉ። የከብቶቹን ተራ የሚያስጠብቅ አባ ሄሬጋ የተባለ ኃላፊ አለ። ከብቱ የሚጠጣው ከተለየ ገንዳ እንጂ ከጉድጓዱ አፍ አይደለም። ስለዚህ እበትና ሽንት ወደ ጉድጓዱ አይገባም። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። የውኃ ንጽሕና የሚጠበቀው በመሣሪያ ብቻ አይደለም፤ ሁሉም በሚያከብረው ደንብና ደንቡን በሚያስከብር ሰው ጭምር ነው። ወደ ኋላ እንደምናየው፣ አዳዲስ ከተሞች ሲመሠረቱ ውኃው ቢኖርም አስቀድሞ የጎደለው ይህ ደንብ ነበር።

ፈንግል በሠፈር

ኮሌራን የ19ኛው መቶ ዘመን ኢትዮጵያውያን ፈንግል ይሉት ነበር። አንዳንዶችም የነፋስ በሽታ ብለውታል። በሽታው ከሕንድ አገር ተነሥቶ በመርከብና በቅፍለት መንገድ ዓለምን ደጋግሞ ዞሯል። እ.ኤ.አ. በ1865 በመካ ሐጅ ወቅት በርካታ ምእመናንን ፈጀ። ከዚያም በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል ወደ አፍሪካ ቀንድ ተሻገረ።

በማግሥቱ ዓመት፣ በ1858 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት በጣና ሐይቅ ዳርቻ በዘጌና በቆራጣ አካባቢ ሰፍሮ ነበር። ያን ጊዜ ፈንግል በሠፈሩ ውስጥ ገባ። ከንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ከነበሩት የእንግሊዝ መልእክተኞች አንዱ ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ ነበር። ይህ ሰው ከእስር ከተፈታ በኋላ በ1868 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ባሳተመው መጽሐፍ የበሽታውን ጽናት መዝግቦታል። ሠራዊቱ ብዙ ሰው ከሞተበት በኋላ የሐይቁን ዳር ለቆ ወደ ደጋው፣ ወደ ደብረ ታቦር ወጣ።

ይህ ታሪክ ጥሞና ይጠይቃል። ያ ሠራዊት የሰፈረው በኢትዮጵያ ካሉት ሐይቆች ሁሉ በሚበልጠው ሐይቅ ዳር ነው። የጎደለው የውኃ ብዛት አልነበረም። ነገር ግን እጅግ ብዙ ወታደር፣ ስንቅ አቀባይ ሴት፣ አሽከርና የጋማ ከብት በአንድ ስፍራ ሲከማች፣ የሚጠጣበትም የሚታጠብበትም የሚጸዳዳበትም ዳርቻ አንድ ይሆናል። የኮሌራ ተሕዋስ ከአንድ በሽተኛ ዐይነ ምድር ወጥቶ ወደ ውኃው ሲገባ፣ ውኃው ለሁሉም ያዳርሰዋል። በሽተኛው በተቅማጥና በትውከት የሰውነቱን ውኃ ያጣል። ሕክምና ካላገኘም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። የወታደሩን ቁጥር የሚቀንሰው ጠላት ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ እንረዳለን። የዐፄ ቴዎድሮስን የመጨረሻ ዓመታት ስናስተምር ስለ መቅደላ፣ ስለ ሴባስቶፖል መድፍና ስለ መሳፍንቱ አመፅ እንናገራለን። ሠራዊታቸው ከመመናመኑ ምክንያቶች መካከል ይህን በሽታ ብናስገባው ታሪኩ ይበልጥ ይሟላል።

በሽታው ከኢትዮጵያ አልፎ ወደ ደቡብ ወረደ። በዛንዚባር ይሠራ የነበረው ሐኪም ጄምስ ክሪስቲ፣ ኮሌራ በምሥራቅ አፍሪካ የተጓዘበትን መንገድ ከነጋዴዎችና ከመንገደኞች እየጠየቀ አጥንቶ፣ በ1876 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትሟል። እርሱ እንዳስረዳው በሽታው በንግድ መንገዶች ከአገር ወደ አገር እየተላለፈ በ1869 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ላይ ዛንዚባር ደርሶ ከተማዪቱን አጠቃ። ከ1870 እስከ 1888 እ.ኤ.አ. ዛንዚባርን የገዙት ሱልጣን ባርጋሽ ከከተማዪቱ ውጭ ከሚገኝ ምንጭ ንጹሕ ውኃ በቧንቧ አስመጥተው ለሕዝቡ አደሉ። በምሥራቅ አፍሪካ የከተማ ውኃ ታሪክ ውስጥ ይህ ሥራ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው።

የለንደኑ ሐኪምና የውኃ መቅጃው እጀታ

ፈንግል የነፋስ በሽታ መባሉ የእኛ አገር ሰዎች አላዋቂነት ነው ብሎ የሚያስብ ተማሪ ቢኖር መልሱ ቅርብ ነው። በዚያው ዘመን በአውሮፓ የነበሩት ታላላቅ ሐኪሞችም አብዛኛዎቹ ኮሌራ የሚመጣው ከመጥፎ አየር ነው ብለው ያምኑ ነበር። ይህን እምነት ከተቃወሙት አንዱ ጆን ስኖው የተባለው የለንደን ሐኪም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ሶሆ በተባለው ሰፈር ኮሌራ ተነሥቶ ከ600 በላይ ሰዎችን ገደለ። ስኖው የሞቱትን ሰዎች ቤት እየዞረ ጠየቀና በካርታ ላይ ምልክት አደረገ። የሞቱት ሰዎች ቤቶች በብሮድ ጎዳና በሚገኝ አንድ የውኃ መቅጃ ዙሪያ ተሰብስበው ተገኙ። በአቅራቢያው የነበረ የቢራ ፋብሪካ ሠራተኞች ግን ከዚያ ውኃ ስለማይጠጡ ከበሽታው ድነው ነበር። ስኖው ማስረጃውን ለሰፈሩ ሹማምንት አቀረበ፤ እነርሱም በመስከረም ወር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ8ኛው ቀን፣ የመቅጃውን እጀታ አስነቀሉ። በሽታው በዚያን ጊዜ መቀነስ ጀምሮ እንደ ነበር ስኖው ራሱ አልደበቀም። ቢሆንም ያደረገው ምርመራ ለዛሬው የወረርሽኝ ጥናት መሠረት ሆኗል። ተሕዋሱ በጀርመናዊው ሐኪም በሮበርት ኮኽ በ1884 እ.ኤ.አ. ተለይቶ ሲታወቅ ስኖው ከሞተ 26 ዓመት ሆኖት ነበር።

ለተማሪ የሚሰጠው ትምህርት ይህ ነው። ስኖው ተሕዋሱን በዓይኑ አላየም። ያደረገው ማን ከየት እንደሚቀዳ መጠየቅና መልሱን በካርታ ላይ ማስፈር ነበር። ይህን ማንኛውም ተማሪ በመንደሩ ሊያደርገው ይችላል።

የማትነቃነቅ ከተማ

በመካከለኛው ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታት ከተማቸው ተንቀሳቃሽ ሠፈር እንደ ነበረች ይታወቃል። ማገዶና ስንቅ ሲያልቅ ሠፈሩ ይነሣና ወደ ሌላ ስፍራ ይሄዳል። በዚህ ልማድ ውስጥ አንድ ያልታሰበ ጥቅም ነበር፤ ሠፈሩ ሲነሣ ቆሻሻውን ጥሎት ይሄዳል፣ ምንጩም ያገግማል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ነገሩ ተለወጠ። ከእንጦጦ ተራራ ወደ ፍል ውኃ አካባቢ የተወረደው ከብርዱ ለመሸሽ ብቻ ሳይሆን ለውኃውም ሲባል ነው። አዲሲቱ ከተማም በማገዶ እጦት ምክንያት ልትለቀቅ ተቃርባ ነበር፤ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ዳግማዊ ምኒልክ በአዲስ ዓለም ሌላ ከተማ ማሠራት ጀምረው ነበርና። ነገር ግን ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ እያደገ የማገዶውን ችግር ስላቃለለ ከተማዋ በቦታዋ ጸናች። የማገዶው ጥያቄ እንዲህ ሲመለስ የውኃው ጥያቄ ግን ገና ተጀመረ። የማትነቃነቅ ከተማ ከቆሻሻዋ ጋር መኖር አለባትና።

የከተማዋ ሕዝብ ውኃ ይቀዳ የነበረው ከምንጮችና ከእንጦጦ ከሚወርዱት ከቀበና፣ ከግንፍሌና ከመሳሰሉት ወንዞች ነበር። በ1880ዎቹ አጋማሽ ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ምንጭ ወደ ቤተ መንግሥቱ በቧንቧ ውኃ አስገባ። ውኃ ወደ ላይ ሊወጣ አይችልም ብለው የተጠራጠሩ መኳንንት እንደ ነበሩ ይተረካል። ምንጩ ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ ከፍ ባለ ስፍራ ላይ ስለሚገኝ ውኃው በራሱ ግፊት ወደ ጉብታው ለመውጣት ችሏል። ይህ ለፊዚክስ መምህራን ጥሩ ምሳሌ ነው። ለታሪክ መምህር ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ቧንቧው ወደ ቤተ መንግሥት ሲገባ ከግቢው ውጭ ያለው ሕዝብ ምን ይጠጣ ነበር? ሕዝቡ ለብዙ ዓመታት ከወንዙና ከምንጩ መቅዳቱን አልተወም።

ለከተማው ሕዝብ የሚበቃ ሰፊ የውኃ ሥራ የመጣው ዘግይቶ ነው። ከከተማዋ በስተምዕራብ የሚገኘው የገፈርሳ ግድብ በ1936 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ጀመረ። በስተምሥራቅ የሚገኘው የለገዳዲ ግድብ በ1963 ዓ.ም. ገደማ ተከተለ። የድሬ ግድብ ደግሞ በ1991 ዓ.ም. ተጨመረ። በኋላም የአቃቂ የከርሰ ምድር ውኃ ጉድጓዶች ተጨምረዋል። በእነዚህ ዓመታት መካከል በርካታ ሰፈሮች ውኃ ያገኙ የነበረው በቦኖ ነው። በቦኖ ዙሪያ ተራ የሚጠብቁ እናቶችና ልጆች፣ የተደረደሩ ባልዲዎችና ጀሪካኖች የከተማ ኑሮ መለያ ሆነው ቆይተዋል።

የፍሳሹ ነገር ግን ሁልጊዜ ከውኃው ወደ ኋላ ቀርቷል። ውኃ ወደ ቤት ከገባ በኋላ ቆሽሾ መውጣቱ አይቀርም። መውጫው ካልታሰበለት ወደ ወንዝ ይገባል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የከተማዋን ፍሳሽና የፋብሪካዎችን ዝቃጭ ሲሸከሙ ኖረዋል፤ በዳርቻቸውም በዚያው ውኃ አትክልት ሲለማ ቆይቷል። ስለዚህ ከላይኛው መንደር የወጣው እድፍ በታችኛው መንደር ማዕድ ላይ ይመለሳል። የቦረና ጉድጓድ ደንብ ያለበት ምክንያት እዚህ ላይ ይበልጥ ይገባናል።

የዐድዋ ወንዝና የእንዶድ ፍሬ

ዐድዋ ሲባል ሁላችንም የምናስበው የ1888 ዓ.ም.ን ድል ነው። በዐድዋ ሌላም ታሪክ አለ።

ቢልሃርዚያ የተባለው በሽታ የሚተላለፈው በውኃ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት ነው። በበሽተኛው ዐይነ ምድር ወይም ሽንት ውስጥ ያለው የትሉ እንቁላል ወደ ውኃ ሲገባ ይፈለፈላል፤ በቀንድ አውጣው ሰውነት ውስጥ ያድጋል፤ ከዚያም ወጥቶ በሚዋኝ ወይም ልብስ በሚያጥብ ሰው ቆዳ ውስጥ ሰርጎ ይገባል። ስለዚህ ይህ በሽታ ውኃውን ያልጠጣውን ሰውም ይይዛል። ከማንም ይልቅ የሚጎዱት በወንዝ የሚጫወቱ ሕፃናት፣ በውኃ ውስጥ ቆመው የሚያጥቡ ሴቶችና በመስኖ የሚሠሩ ገበሬዎች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ ስለዚህ በሽታ ለማጥናት ወደ ዐድዋ ሄደ። በወንዙ ዳር ሴቶች በእንዶድ ፍሬ ልብስ ያጥቡ ነበር። አክሊሉ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች በኩል የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት እንደሚገኙ፣ ከላይ በኩል ግን ሕያዋን እንደሆኑ አስተዋለ። እንዶድ ከጥንት ጀምሮ እንደ ሳሙና ሲያገለግል የኖረ ተክል ነው። ቀንድ አውጣን እንደሚገድል በቤተ ሙከራ የተረጋገጠው ግን ከዚያ ወዲህ ነው። በኋላ በዐድዋ ለአምስት ዓመታት በተደረገው የመስክ ሙከራ ወንዞቹ በእንዶድ ሲታከሙ፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት ዕድሜ ባላቸው ሕፃናት መካከል የበሽተኞቹ ቁጥር ከመቶ 50 ወደ 7 ዝቅ ብሏል።

አክሊሉ ለማና የሥራ ባልደረባው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ይሁን እንጂ ግኝቱ በዓለም አቀፍ የጤና ድርጅቶች ዘንድ ተቀባይነት እስኪያገኝ ድረስ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። የመርዛማነቱ ምርመራ በውጭ አገር ቤተ ሙከራዎች መደገም አለበት ተብሏልና።

ይህን ታሪክ ለተማሪዎች ስንነግር አንድ ነገር እንዳንዘነጋ። ዕውቀቱ የተገኘው ከሁለት ወገን ነው፤ የእንዶድን ጠባይ ከሚያውቁት ከአጣቢ ሴቶችና ጠይቆ ከማያበቃው ተመራማሪ። ሁለቱም በአንድ ወንዝ ዳር ባይገናኙ ኖሮ ግኝቱ በዚያን ጊዜ አይገኝም ነበር።

በጨርቅ የተገታ በሽታ

ሦስተኛው ምሳሌ ጊኒ ዎርም ነው። ይህ ትል ወደ ሰው የሚገባው በኩሬ ውኃ ውስጥ በሚገኙ፣ በዓይን ለማየት በሚያዳግቱ ጥቃቅን ነፍሳት አማካይነት ነው። ውኃውን የጠጣው ሰው ለአንድ ዓመት ያህል ምንም አያውቅም። ከዚያ በኋላ አንድ ሜትር ያህል ሊረዝም የሚችል ትል ብዙውን ጊዜ በእግሩ በኩል ቆዳውን በስቶ ቀስ በቀስ ይወጣል። ሥቃዩ ብርቱ ነው፤ በሽተኛው ለሳምንታት መራመድ ያቅተዋል። ይህም በእርሻ ወቅት ከሆነ ማሳው ሳይታረስ ይቀራል፤ ተማሪ ከሆነም ከትምህርቱ ይቀራል። በሽተኛው ማቃጠሉን ለማብረድ እግሩን በኩሬ ውስጥ ሲነክር ትሉ እጮቹን ይለቃል፤ የመንደሩም ውኃ ይበከላል።

ለዚህ በሽታ ክትባት የለውም፤ ፈዋሽ መድኃኒትም የለውም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1986 በ21 አገሮች 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ይይዝ የነበረው በሽታ በ2023 በዓለም ላይ የተገኘው በ14 ሰዎች ላይ ብቻ ነው። ዩጋንዳ በ2009፣ ኬንያ በ2018 እ.ኤ.አ. ከበሽታው ነፃ መሆናቸው ተረጋግጧል። በኢትዮጵያ በሽታው ይገኝ የነበረው በጋምቤላና በደቡብ ኦሞ ነበር፤ በጋምቤላ ውሾችንና ዝንጀሮዎችን መያዙ ስለታወቀ ክትትሉ ቀጥሏል። ይህን ሁሉ ያስገኘው ውኃን በጨርቅ ማጣራት፣ በሽተኛው ወደ ኩሬ እንዳይገባ መጠበቅ፣ ጉድጓድ መቆፈርና በየመንደሩ ያለማቋረጥ ማስተማር ነው።

ሸክሙ የማን ነው?

እስካሁን ያየነው የበሽታን ታሪክ ነው። የንጹሕ ውኃ እጦት ግን ሰውን ሳይታመምም ይጎዳዋል። በዘመናት ሁሉ ውኃ የመቅዳት ሥራ የወደቀው በሴቶችና በልጃገረዶች ጀርባ ላይ ነው። እንስራው በጀሪካን ተለውጧል፤ ተሸካሚዋ ግን አልተለወጠችም።

መምህራን በክፍል ውስጥ ሊያሠሩት የሚችሉት ቀላል ሒሳብ እነሆ። ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ውኃ ለመጠጥ፣ ለምግብና ለመጠነኛ ንጽሕና ያስፈልገዋል እንበል። ስድስት ሰዎች ላሉበት ቤተ ሰብ 120 ሊትር ይሆናል፤ ይህም ስድስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። የአንዱ ጀሪካን ውኃ 20 ኪሎ ይመዝናል። ደርሶ መልሱ አንድ ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ፣ ተሸካሚዋም አንድ ሰው ብቻ ከሆነች፣ ስድስት ሰዓት ያስፈልጋታል። ይህ አንድ የትምህርት ቀን ነው። ስለዚህ ቤተ ሰቡ ወይ ውኃውን ይቀንሳል፣ ወይ ልጅቱን ከትምህርት ያስቀራል። ውኃው ሲቀነስ መጀመሪያ የሚቀረው መጠጡ አይደለም፤ እጅና ፊት መታጠቡ ነው። ፊታቸው ያልታጠበ ሕፃናት በትራኮማ ይያዛሉ፤ ትራኮማ ደግሞ ሲደጋገም ዐይንን ያሳውራል። በዚህ መንገድ ከወንዙ ርቀት ተነሥተን የትምህርት ማቋረጥና የዐይነ ስውርነት ምክንያት ላይ እንደርሳለን።

በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜም ይህንኑ አይተናል። በኮረም፣ በባቲና በሌሎችም መጠለያዎች የተሰበሰበውን ሕዝብ የገደለው ረሃብ ብቻ አልነበረም። ከረሃቡ አምልጦ መጠለያ የደረሰው ብዙ ሰው በተቅማጥ፣ በኩፍኝና በተስቦ አልቋል።

ጥርት ያለ ውኃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም

ስለ ንጽሕና ሲነገር ዓይን ዳኛ እንዳይሆን ተማሪዎችን ማስጠንቀቅ ይገባል። በስምጥ ሸለቆ በበርካታ ስፍራዎች የከርሰ ምድሩ ውኃ ጥርት ያለ ነው፤ ነገር ግን ከእሳተ ገሞራ ዐለት የሚያገኘው ፍሎራይድ ይበዛበታል። ይህን ውኃ ከልጅነታቸው ጀምሮ የጠጡ ሰዎች ጥርሳቸው ይበልዛል፤ በረጅም ጊዜም አጥንታቸው ይጎዳል። በወንጂ የስኳር እርሻ አካባቢ ይህ ጉዳት በሐኪሞች ሲጠና ኖሯል። ፍሎራይድ በማፍላት አይወገድም። ተሕዋስ ግን ይሞታል፤ ለዚህም ውኃው ከተንፈቀፈቀ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃል። በደጋ አገር፣ ከ2,000 ሜትር በላይ፣ ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ሦስት ደቂቃ ማቆየት ያስፈልጋል።

መደምደሚያ

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ከ1981 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. ያሉትን ዓመታት ዓለም አቀፍ የመጠጥ ውኃና የንጽሕና ዐሥር ዓመት ብሎ ሰይሞ ነበር። ሐምሌ 21 ቀን 2002 ዓ.ም. ደግሞ የድርጅቱ ጠቅላላ ጉባኤ ንጹሕ ውኃ ማግኘት ሰብዓዊ መብት መሆኑን በውሳኔ አጸደቀ። ሆኖም በ2022 እ.ኤ.አ. በተደረገው ቆጠራ 2.2 ቢሊዮን ያህል ሰዎች በአስተማማኝ ሁኔታ የተያዘ የመጠጥ ውኃ አልነበራቸውም። ኮሌራም ታሪክ ሆኖ አልቀረም። በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በባሌ ተነሥቶ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ወደ ብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች ተዛምቷል።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት ሦስት ነው። አንደኛ፣ ውኃ መኖሩ ንጹሕ ውኃ መኖሩን አያረጋግጥም። ሁለተኛ፣ የውኃ ንጽሕና የሚጠበቀው መሣሪያና ደንብ ሲተባበሩ ነው፤ ፓምፑ ሲበላሽ የሚጠግነው፣ ምንጩ ሲቆሽሽ የሚቈጣው ሰው ከሌለ ገንዘቡ በከንቱ ይቀራል። ሦስተኛ፣ ጉዳቱ ለሁሉ እኩል አይደርስም፤ ሕፃናትን፣ ሴቶችንና ድኾችን አስቀድሞ ያገኛል።

ይህን የሚያስተምር መምህር ከመጽሐፉ ውጭ ሰፊ መማሪያ አለው። በየትምህርት ቤታችን አጠገብ ወንዝ ወይም ምንጭ፣ ቦኖ ወይም ጉድጓድ አለ፤ ታሪኩንም የሚያውቁ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አሉ። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንዲሉ፣ እነርሱ ሳሉ መጠየቅ ይበጃል።

የመወያያ ጥያቄዎችና ተግባር

1. የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ከጣና ዳር ወደ ደብረ ታቦር መውጣቱ በሽታውን ለመቀነስ እንዴት ሊረዳ እንደሚችል አስረዱ። ምክንያቱ አየሩ ነው ወይስ ውኃው?

2. ተንቀሳቃሽ ከተማና ቋሚ ከተማ በውኃ ንጽሕና ረገድ ያላቸውን ልዩነት አወዳድሩ።

3. የአክሊሉ ለማንና የጆን ስኖውን የምርመራ ዘዴ አነጻጽሩ። ሁለቱም መጀመሪያ ያዩት ነገር ምን ነበር?

4. የመንደራችሁን ካርታ ሥሩ። እያንዳንዱ ቤት ከየት እንደሚቀዳ፣ ማን እንደሚቀዳና ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጠይቃችሁ በካርታው ላይ አመልክቱ።

5. በአካባቢያችሁ ያሉ አረጋውያን በልጅነታቸው ውኃ የቀዱበትን ስፍራና ምንጩ የሚጠበቅበትን ደንብ ጠይቃችሁ ጻፉ። ያ ደንብ ዛሬ አለ? ከሌለስ መቼና ለምን ቀረ?